አንድ ክንድ ወደ ግራ

አርባህ ትናንት ወጣ፤
የዕድሩ ወንበር ተቆጥሮ ሄደ፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ ታጣ።
ዛሬ ሰኞ ነው፣ ወንድይራድ፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤
ከበረንዳው ጥግ ጫማህ ተቀምጧል፣
ማሰሪያው ተፈትቶ፣ ምላሱ ወጥቶ፣
እንደ ውሻ፣ ሲሮጥ ውሎ ደክሞት እንደተኛ ተዘርግቶ።

«ለሰው እንስጠው» አለች ህሊና፤
እውነቷን ነው፤ አርባ ሁለት ቁጥር ለብዙ ሰው ይሆናልና።
እሺ ብዬ አነሣሁት። ከበደኝ።
ከሥሩ የደረቀ ጭቃ አየሁና እጄን ያዘኝ።

አራት ኪሎ፣ ማተሚያ ቤት፣ ያወጡልህ ስም «ግልባጩ» ነበር፤
ፊደልን ከጀርባው ታነባለህና፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ያለ መነጽር።
ሠላሳ ዓመት በእርሳስ ፊደል ፊት፣
ነጭ አምፖል ሥር፣ መስኮት በሌለው ቤት፣
የሰውን ጉዳይ ስትለቅም፣ ስትደረድር፣
የሹመት ዜና፣ የሐዘን መግለጫ፣ የጨረታ ዝርዝር፤
ጥፍርህ ሥር ቀለም፣ ሳንባህ ውስጥ ብናኝ።
ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካለፈ ግን አንተን ማን ሊያገኝ?

መጀመሪያ የቀጠርከኝ ቀን፣ ሰው ለኬክና ለሲኒማ
ፒያሳ ሲወርድ፣ እኔን ሽቅብ ወሰድከኝ፣ በባለተረከዝ ጫማ፤
ስድስት ኪሎን አልፈን፣ ሽሮ ሜዳን ትተን፣
እንጦጦ አፋፍ ቁጭ አልን፣ እግሬ ተልጦ፣ ሁለት ብርቱካን በልተን።
«ተቆጣሽ?» አልከኝ። አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር፤
ግን ያን ያህል ሰማይ ባንድ ጊዜ አላየሁም፣ ከዚያ በፊት በምድር።

ከዚያ ልጆቹ መጡ። ከቀበና ድልድይ ሥር ይዘሃቸው ወረድክ፤
ወንዙ ሽታው ሌላ፣ ላስቲክ የተንጠለጠለበት ቁጥቋጦ፤
አንተ ከዚያ መሐል ዓሣ አጥማጅ ወፍ አሳየሃቸው፣
ሰማያዊ፣ እንደ ብልጭታ፣ አምልጦ።
ያፌት በትከሻህ፣ ህሊና በጣትህ፣
«ዝም በሉ» ትላለህ፤ ዝም ማለት ነበር ጸሎትህ።
ጭቃውንም ታነበው ነበር፦
«ይቺ ጅብ ናት፣ ማታ ያለፈች። ይሄ ውሻ ነው፣ አንካሳ።
ይሄ የኔው ነው፣ ያለፈው ሳምንት፤ ዝናብ ሳይመጣ አንብቡት፣ ሳይረሳ።»

ቅዱስ ነህ አልልም።
ያፌት በትኩሳት ሲነድ አንተ ወጨጫ ላይ ነበርክ፤
ኪስህ በእንጆሪ ቀልቶ፣ በሩ ላይ፣ ይቅርታ ሳትል ቆምክ።
ሁለት ቀን አላናገርኩህም።
በሦስተኛው እንጆሪው ሊበላሽ ሆነ፤ በላሁት። አላሳየሁህም።
የሸሚዙን ነጥብ ስንቴ አጠብኩት፤
አልለቅ አለኝ፣ ተውኩት።

መጨረሻ ላይ ደረጃው እንኳ ተራራ ሆነብህ።
ከበረንዳችን እንጦጦ ይታይ ነበር፤ ሕንፃ ቆመብህ፣
ስምንት ፎቅ፣ ሰማያዊ መስታወት።
አልተማረርክም። ወንበርህን አንድ ክንድ ወደ ግራ ጎተትክና
በቀረችው ክፍተት፣
የመዳፍ ስፋት በማትሞላ፣
ጥዱን ስታይ ዋልክ፣ ትንፋሽህ እስኪላላ።

እና ያን ጭቃ በቢላ ጫፍ ስፈለቅቀው
ሙሉውን ወጣ፣ አልተሰበረም፤
ጥርስ ጥርሱ፣ መስመር መስመሩ፣ ተገልብጦ እንደ ፊደልህ።
ላነበው ሞከርኩ፤ ግልባጭ አላውቅም።
መጣያው ጋ ደረስኩ፣ ተመለስኩ፤
በሶብላው ከደረቀበት ማሰሮ ውስጥ ጨመርኩት፣
ምን እንዳሰብኩ እንጃ።

ይኸው ሐምሌ ገባ።
ከማሰሮው ሁለት ቅጠል ብቅ አለ፣ ፀጉራም፣ ግንዱ ቀይ፣ ገና አላበበ።
እትዬ ድንቅነሽ ከላይ ሆነው አዩና
«አረም ነው፣ ንቀዪው» አሉኝ። ይሆናል።
ያፌት ስልኩን አስጠግቶ ፎቶ አነሣው፣ ፈለገ፣ ስሙን አጣው።
ስም የምትነግረን አንተ ነበርክ።

ጫማውን ሰጠነው፤ ዘበኛው ለብሶታል፣ ልኩ ነው።
ማሰሮውን ግን
አንድ ክንድ ወደ ግራ ጎተትኩት።